የሐይቅ ዳር ልጅ ነኝ፣ መንጠቆ ግን ይዤ አላውቅም ነበር

ጋሼ የደወሉልኝ ሐሙስ ማታ ነው። "ቅዳሜ ሥራ አለህ?" አሉኝ። የለኝም አልኳቸው። "እንግዲያው ዓርብ በጊዜ ተኛ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት በርህ ላይ ነኝ። ካልሲ ደርበህ ውጣ።" ይህንኑ ብለው ስልኩን ዘጉት።

ሚኒሶታ ከመጣሁ 9 ዓመት ሆኖኛል። ክረምት በመጣ ቁጥር ጋሼ በረዶ ላይ ዓሣ እናጥምድ ይሉኛል። (ክረምት ስል የዚህን አገር ነው፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለውን።) እኔም በየዓመቱ ሰበብ እፈልጋለሁ። አንዴ የሌሊት ፈረቃ፣ አንዴ ጉንፋን፣ አንዴ የልጅ ልደት። ዘንድሮ ሰበብ አጣሁ። ደግሞ ጥምቀት ካለፈ ገና ሳምንቱ ነበር። እዚህ ጥምቀት ሲከበር ውጪው ከዜሮ በታች ነው። ጠበሉ አዳራሽ ውስጥ ሲረጭ ባሕር ዳር ትዝ አለኝና ሆዴ ባር ባር ሲል ሰነበተ። ውሃ ማየት አማረኝ።

ስለ ጋሼ ትንሽ ልንገራችሁ። መርካቶ ተወልደው መርካቶ ያደጉ ሰው ናቸው። እዚህ ከገቡ 27 ዓመት አልፏቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ አውቶቡስ ነድተው ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። በረዶ ላይ ማጥመድን ያስተማራቸው አብሯቸው ይነዳ የነበረ የሚኒሶታ ተወላጅ ነው። ሰውየው ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው። ሚስቱ ከቀብር በኋላ ጋሼን ቤቷ ጠርታ የማጥመጃ ዕቃውን ሰጠቻቸው። ከዚያ ወዲህ ብዙው ዕቃ ተቀይሯል። አንድ ነገር ግን አልቀየሩም፤ እጀታው በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ፣ ሆዱ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ጭልፋ። እሱን ሌላ ሰው ሲነካው ደስ አይላቸውም።

እኔ ደግሞ ባሕር ዳር ነው የተወለድኩት። ከቤታችን እስከ ጣና ዳር አሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ጋሼ "አንተ የጣና ልጅ" ነው የሚሉኝ። አጥምጄ እንደማላውቅ ስነግራቸው አያምኑኝም ነበር።

ከሴንት ፖል ተነስተን በሀይዌይ 169 ወደ ሰሜን ሄድን። ሚል ላክስ ሐይቅ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ኤልክ ሪቨርን፣ ፕሪንስተንን፣ ሚላካን በጨለማ አለፍን። የመኪናው መለኪያ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ያሳያል። ጋሼ መንገዱን ሁሉ ስለ በረዶ ውፍረት ነበር የሚያወሩት። የክፍለ ሀገሩ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት የሚያወጣውን ልክ በቃላቸው ይዘውታል። ለእግረኛ 4 ኢንች። ለትንሽ መኪና 9 እስከ 10። ለፒክአፕ 13። ከ4 በታች ከሆነ ቤትህ ተቀመጥ። ይህም የሚሠራው ለጠራና ለአዲስ በረዶ ነው። ነጭ ሆኖ የደፈረሰ ከሆነ እጥፉ ያስፈልጋል።

"በረዶ መቶ በመቶ አይታመንም" አሉኝ። "ሁሌም እየለካህ ነው።"

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 የሆነውን አነሡልኝ። አፐር ሬድ ሌክ በሚባለው ሐይቅ ላይ በረዶው ከዳር ተገንጥሎ ከመቶ በላይ ሰው ይዞ ተንሳፎ ነበር። ሁሉም በሰላም ወጡ። የዚያ ዓመት ክረምት ሚኒሶታ ከምታውቀው ሁሉ የሞቀው ነበር። ጋሼ በዚያ ዓመት የወጡት ሁለት ቀን ብቻ ነው። "አንድ ቀን ልጆቻችን ይህን ነገር በወሬ ብቻ ይሰሙት ይሆናል" አሉና ዝም አሉ።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ገና እየነጋ ነው። መግቢያው ላይ ለሪዞርቱ ከፈልን። በረዶውን ጠርገው በሐይቁ ላይ መንገድ የሚያወጡት እነሱ ናቸው። ጋሼ መኪናውን አቆሙና "ቀበቶህን ፍታ" አሉኝ። መስኮቶቹን አወረዱ። የዚያ ብርድ አገባብ! ለምን ብዬ ስጠይቅ በረዶው ከከዳን ቶሎ ለመውጣት ነው አሉ። ክው አልኩ። እሳቸው ግን በእርጋታ ወደ ሐይቁ ነዱ። ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት። በፍጥነት የሚሄድ መኪና ከበረዶው ሥር ያለውን ውሃ እንደ ማዕበል ይገፋዋል፤ ማዕበሉ ዳር ሲደርስ በረዶውን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ጎማው ከመሬት ወደ በረዶ ሲሻገር ድምፁ ይቀየራል። አስፋልት ላይ የነበረው ሹክሹክታ ይጠፋና ሆድ ውስጥ የሚሰማ ጉርምርምታ ይመጣል። ሁለት እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ "በስመ አብ" አልኩ።

ሐይቁ ሜዳ ነው። ነጭ፣ ዳር የሌለው ሜዳ። በሩቅ ትናንሽ ቤቶች በመስመር ተሰልፈዋል። አንዳንዶቹ ጭስ ያወጣሉ። ፒክአፖች ቆመዋል፣ ውሾች ይሮጣሉ። መንደር ነው የሚመስለው። ከሁለት ወር በኋላ ይህ መንደር የለም። ቤቶቹ በመጋቢት በሕግ ይነሣሉ፤ ቦታው ጀልባ የሚሄድበት ውሃ ይሆናል።

ሚል ላክስ ትልቅ ነው፤ ከ530 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ። ጣና ግን አምስት ስድስት እጥፍ ይበልጠዋል። እኔን የገረመኝ ጥልቀቱ ነው። ሚል ላክስ ጥልቅ በሚባለው ቦታው 13 ሜትር ያህል ነው። ጣናም ከ14 ብዙ አይርቅም። ሁለቱም ሰፊ፣ ሁለቱም ከስፋታቸው አንጻር ስስ ናቸው። ይህን ሳውቅ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ፍርሃቴ ለቀቀኝ። እግሬ ሥር ያለው ውሃ የማውቀው ውሃ መሰለኝ።

ጋሼ የመረጡት ቦታ ከሌሎቹ ራቅ ይላል። ዕቃውን ከመኪና አውርደን በስሌድ ጎተትነው። ጫማዬ ላይ ሹል ጥርስ ያለው ጎማ አሰሩልኝ። አንገቴ ላይ ደግሞ በገመድ የተያያዙ ሁለት ትናንሽ ሹሎች አንጠለጠሉልኝ። ከገባሁ በሁለት እጄ በረዶው ላይ እየሰካሁ ራሴን የማወጣበት ነው። "አያስፈልግህም፣ ግን አታውልቀው" አሉኝ።

ከዚያ ቀዳዳው። አውገሩ በባትሪ የሚሠራ ትልቅ መሰርሰሪያ ነው። አፉ 8 ኢንች ይሰፋል። ጋሼ እግራቸውን ከፈት አድርገው ቆሙና ወደ ታች ለቀቁት። ነጭ ፍቅፋቂ እንደ ተፈጨ ጨው ዙሪያውን ተከመረ። ወረደ፣ ወረደ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ጉልበቱ ለቀቀና ውሃ ቡልቅ ብሎ ወጣ። ውሃው ጥቁር ነው። በነጩ መሃል ጥቁር ክብ ዓይን ይመስላል። ጋሼ መለኪያቸውን ሰደዱ። 20 ኢንች። ግማሽ ሜትር ማለት ነው። "ዛሬ ተኛ ቢሉህ ትተኛለህ" አሉ። ያቺን ጭልፋ አውጥተው ቀዳዳው ውስጥ የሚዋኘውን የበረዶ ፍርፋሪ እየጨለፉ ደፉ። አጎንብሼ አየሁ። የበረዶው ግድግዳ ከላይ ነጭ፣ መሃል ላይ ግራጫ፣ ከታች እንደ ጠርሙስ አረንጓዴ ነው።

ሳይንሱን ልጅ ሆኜ ተምሬዋለሁ፤ የገባኝ ግን እዚያ ነው። ውሃ በጣም የሚከብደው 4 ዲግሪ ሲሆን ነው። ከዚያ በላይ ሲቀዘቅዝ እንደ ገና ይቀልላል። ስለዚህ ቀዝቃዛው ላይ ይቀራል፣ በረዶ ይሆናል፣ ክዳን ይሆናል። ታች ያለው 4 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ይከርማል። በረዶ የሚሰምጥ ቢሆን ኖሮ ሐይቁ ከሥሩ ጀምሮ በረዶ ይሆን ነበር፣ ዓሣም አይተርፍም ነበር። ከላይ ሰው አፍንጫው ሊቆረጥ ደርሷል። ከታች ዓሣው ኑሮውን ይኖራል።

ድንኳኑን ዘረጋን። ውስጡ ለሁለት ሰው የሚበቃ ነው። ሁለት ባልዲ ገልብጠን ተቀመጥን። ጋሼ የጋዝ ማሞቂያውን ለኮሱ፤ የድንኳኑን የአየር ማስገቢያ ከፍተው በእጃቸው ነፋሱን ፈተሹ። "ከሰል ስንት ሰው ጨረሰብን አገር ቤት" አሉ። እውነታቸውን ነው። ዝግ ቤት ውስጥ ከሰል አስገብቶ ተኝቶ ያልነቃ ሰው ያልሰማ ሐበሻ የለም።

መንጠቆው ከጥፍሬ ያንሳል። ዘንጉ ክንድ አይሞላም። ጋሼ ከባልዲው ትንሽ ሕያው ዓሣ አውጥተው ከጀርባዋ በኩል ሰኩልኝ። በዚህ አገር ሕግ በበረዶ ጊዜ አንድ ሰው ሁለት መስመር መጣል ይችላል፤ በረዶ በሌለበት ጊዜ ግን አንድ ብቻ። ፈቃዴን ከሁለት ቀን በፊት በስልክ ገዝቼዋለሁ። መስመሩን ለቀቅኩ። ወደ ጥቁሩ ወረደ። 28 ጫማ ላይ ሲደርስ ቆመ።

ከዚያ መጠበቅ ነው።

መጀመሪያ ላይ መጠበቁ ጨነቀኝ። ስልኬን አወጣሁ፣ መልሼ ከተትኩ። ጋሼ አላዩኝም። ሶናሩን ነው የሚያዩት፤ በድምፅ ሞገድ ከውሃው ሥር ያለውን የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ክብ መስታወት ላይ ቀለማት ይበራሉ፤ ታችኛው ወለል ወፍራም ቀይ፣ የኔ መንጠቆ ቀጭን አረንጓዴ። ዓሣ ሲመጣ ከወለሉ ላይ ሌላ መስመር ይነሣል አሉኝ። አልተነሣም። አንድ ሰዓት አለፈ። ቀዳዳው ላይ ስስ ቆዳ እየያዘ ነው፤ ጋሼ በየደቂቃው በጭልፋው ይገፉታል።

በረዶው ሲጮህ የሰማሁት ያኔ ነው። ከሩቅ ይጀምራል። እንደ ነጎድጓድ አይደለም፣ እንደ ከበሮም አይደለም። ረጅም የተወጠረ ሽቦ በዱላ ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ ነው፤ ከአድማስ ተነሥቶ በእግራችን ሥር አልፎ ሄደ። ከባልዲው ብድግ አልኩ።

"ቁጭ በል" አሉ ጋሼ። "እያደገ ነው። ብርድ ሲጠነክርና ሲላላ ይስፋፋል፣ ይሰበሰባል። ከሚጮህ በረዶ ዝም ያለው ነው የሚያስፈራኝ።"

ተቀመጥኩ። ጋሼ ከፔርሙስ ቡና ቀዱልኝ። ባለቤታቸው በፎይል የጠቀለሉትን ቋንጣ ፍርፍር ማሞቂያው ላይ አስቀመጡት። ድንኳኑ በአንዴ በርበሬና ቅቤ ሸተተ። እየበላን ሳለ ጋሼ የጠየቁኝን እስካሁን አልረሳሁትም።

"እስቲ እውነቱን ንገረኝ። ጣና ዳር አድገህ እንዴት አንድ ቀን እንኳ አላጠመድክም?"

የተለመደውን መልስ ልሰጣቸው ነበር። ትምህርት በዛ፣ ቤተሰብ አልፈቀደ። ግን በዚያ ድንኳን ውስጥ ውሸት ቦታ የለውም። ሁለት ሰው፣ አንድ ጥቁር ቀዳዳ። እውነቱን ነገርኳቸው።

ማጥመድ የእኛ ሥራ አይደለም ተብለን ነው ያደግነው። የነገደ ወይጦ ሰዎች ሥራ ነው። ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ከዘጌ እንጨት ጭነው ማዶ ለማዶ የሚያቋርጡት፣ ቆሮሶውንና አምባዛውን አውጥተው የሚሸጡልን፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነሣ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ዓሣውን እንበላለን፣ ሰውየውን ግን ቤት አናስገባም። ድሮ ጉማሬ ይበሉ ነበር ተብሎ ስማቸው እንደ ስድብ ይጠራል። ራሳቸው አማርኛ ነው የሚናገሩት፤ የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቷል። ባሕር ዳር ከተማ ከመሆኗ በፊት እዚያው ውሃው ዳር ነበሩ።

አንድ ልጅ ነበር። እኩያዬ ነው፤ አሥር ዓመት ቢሆነን ነው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ታንኳ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ያሳየኝ እሱ ነው። ደንገሉ ጫፉ ላይ ወደ ላይ እንዴት እንደሚታጠፍና እንደሚታሰር፣ ታንኳው ውሃ ሲጠጣ እንዴት እንደሚከብድ፣ በፀሐይ እንዴት እንደሚያደርቁት አሳይቶኛል። በተደጋጋሚ አብረን ውለናል። ቤት ውስጥ ማንም አያውቅም።

አንድ ቀን ቤታችን መጣ። በቅጠል የተጠቀለለ ትልቅ ነጭ ዓሣ ይዟል። አባቱ ነው የላከው፤ ለእኔ ነው። አያቴ በሩ ላይ ወጣች። ዓሣውን ተቀበለችው። ልጁ ውሃ ጠየቀ፤ ጸሐዩ ከባድ ነበር። አያቴ ውሃ ሰጠችው። ግን በእኛ ብርጭቆ አይደለም። ለዶሮ ውሃ የምናስቀምጥበት የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ነበር፤ እሱን አለቅልቃ ሞልታ ሰጠችው። ልጁ ቆርቆሮውን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ከአያቴ ቀሚስ ኋላ ቆሜ ነበር። እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም። እንደማላውቀው ሰው ነው የቆምኩት። ጠጣ፣ ቆርቆሮውን መሬት ላይ አስቀመጠ፣ ሄደ። ዓሣውን ማታ በላነው። ጣፋጭ ነበር።

ከዚያ በኋላ ውሃው ዳር አልሄድኩም። እሱም አልጠራኝም።

ይህን ስናገር ዓይኔ ሶናሩ ላይ ነበር። ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝ። ልጅ ነበርክ አላሉኝም። ዘመኑ እንደዚያ ነበር አላሉኝም። ለዚህም አመሰግናቸዋለሁ። ጭልፋውን አንሥተው ቀዳዳውን ጠረጉ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ጭልፋውን ለእኔ ሰጡኝ። "ያንተንም ጥረገው" አሉ።

በልቼ ስጨርስ እግሬን ላፍታታ ከድንኳኑ ወጣሁ። ነፋሱ ፊት ይልጣል። ከሐይቁ ምዕራብ ዳር የኦጂብዌ ሕዝብ መንደር ይታያል። የሚል ላክስ ኦጂብዌዎች እዚህ ያሉት ሚኒሶታ የሚባል ስቴት ሳይኖር ነው። ሐይቁን ሚሲ ዛጋኢጋን ይሉታል፤ ትልቁ ሐይቅ እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 መሬታቸውን በውል ሲሰጡ አንድ ነገር ግን አልሰጡም፤ ማደኑን፣ ዓሣ ማጥመዱን፣ የዱር ሩዝ መልቀሙን። በውሉ ላይ ተጽፏል። ስቴቱ ይህ መብት ቀርቷል ብሎ ተከራከረ። ነገሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1999 በ5 ለ4 ድምፅ ኦጂብዌዎቹ ረቱ።

ጋሼ ይህን ሁሉ ያውቁታል፤ ያ የሥራ ባልደረባቸው ነግሯቸው ነው። ፍርዱ ሲወጣ ብዙ አጥማጆች ተቆጥተው እንደነበርም ያስታውሳሉ። ዛሬም በጸደይ ኦጂብዌዎቹ በመረብና በጦር ሲያጠምዱ የሚያጉረመርም ሰው አይጠፋም። እኔ ቆሜ ያሰብኩት ሌላ ነው። ውሃውን የሚያውቅ ሰው የውሃው ባለቤት ሆኖ እንዲቆጠር ወረቀት ያስፈልገዋል። እነዚህ ወረቀት ነበራቸው፤ ያም ሆኖ 162 ዓመት ፈጀባቸው። የታንኳው ሰዎች ምን ወረቀት አላቸው? ባሕር ዳር ስትሰፋ፣ ሆቴሉና መናፈሻው ውሃውን ተከትሎ ሲሠራ፣ ከዳር የተገፉት እነሱ ናቸው። እኛ ተምረን፣ ከተማ ገብተን፣ አሜሪካ መጥተን "የጣና ልጅ" እንባላለን። ጣናን የሚያውቀው ማን ነው? ይህ ጥያቄ በዚያ ብርድ ውስጥ ፊቴን አቃጠለኝ።

ሁለቱ ሐይቆች የሚጋሩት ሌላም አለ። ጣናን እምቦጭ ወረረው። ሚል ላክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ዜብራ መስል የሚባል ጥፍር የሚያክል ባለ ቅርፊት እንስሳ ገብቶበታል። ውሃውን እያጣራ በጣም አጠራው፤ ዋልአይ የሚባለው ዓሣ ደግሞ የጠራ ውሃ፣ ብርሃን የበዛበት አይወድም። ስለ ሐይቅ የሚቆረቆር ሰው ሁለቱንም ቦታ ቢያይ አንድ ዓይነት ጭንቀት ነው የሚይዘው።

"ና! ና ቶሎ!" ጋሼ ከድንኳኑ ጮኹ።

ሮጬ ገባሁ። ሶናሩ ላይ ከወለሉ አንድ መስመር ተነሥቷል። ወደ መንጠቆዬ እየቀረበ ነው። ዘንጉን አነሣሁ። "አትጎትት። ቀስ። ቀና አድርገህ ተወው" ይላሉ ጋሼ በሹክሹክታ። የዘንጉ ጫፍ ነቅ አለ። ሁለቴ። ከዚያ ጎበጠ። እጄ ላይ ሕይወት ያለው ነገር ተሰማኝ። ልቤ ጉሮሮዬ ውስጥ ነበር። ሳብኩ፣ ጠቀለልኩ። ጥቁሩ ቀዳዳ ውስጥ ቢጫና አረንጓዴ ነገር ብልጭ አለ። ጋሼ እጃቸውን እስከ ክርን ውሃው ውስጥ ከተው አወጡት። ፐርች ነው። ጎኑ ላይ ጥቁር ሰንበር አለው፤ የታች ክንፎቹ ብርቱካን ናቸው። ከመዳፌ ትንሽ ይረዝማል።

"እንኳን ደስ ያለህ" አሉና ጨበጡኝ። እጃቸው በረዶ ሆኗል።

ከዚያ በኋላ ይመጡ ጀመር። መንጋ ሆነው ነው የሚሄዱት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለታችን ሰባት ፐርች አወጣን። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጋሼ "አሁን ነው የዋልአይ ሰዓት" አሉ። ዋልአይ የሚኒሶታ የስቴት ዓሣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 በሕግ የተሰየመ። ሲነጋጋና ሲመሻሽ ነው የሚያድነው፤ ዓይኑ ትንሽ ብርሃን ስለሚበቃው በዚያ ሰዓት ሌላውን ዓሣ ይቀድመዋል።

ለጋሼ አንድ መጣላቸው። ትልቅ ነው። ረጅም ጊዜ ታገሉት። በረዶው ላይ ሲያወጡት የባትሪ መብራቴን አዞርኩ፤ ዓይኖቹ እንደ ድመት ዓይን በሩ። ነጭ፣ ጭጋግ ያለበት ብርሃን። ጎኑ ወርቃማ ነው፤ የጅራቱ የታችኛው ጫፍ ነጭ ነው። ጋሼ መለኪያው ላይ አስተኙት። በዚህ ሐይቅ የሚወሰደው ዋልአይ ርዝመት በየዓመቱ ይወሰናል። ይህኛው ከተፈቀደው በለጠ። ጋሼ አንድም አላመነቱም። ሁለት እጃቸውን እርጥብ አድርገው ያዙት፣ ጭንቅላቱን ወደ ቀዳዳው አዞሩ፣ ለቀቁት። ጅራቱን አንዴ መታ፤ ጥቁሩ ዋጠው።

"አያሳዝንም?" አልኳቸው።

"የሚቀጥለው ዓመት ዓሣ ከዚህ ነው የሚመጣው" አሉ፤ እጃቸውን ብብታቸው ሥር ከተው እያሞቁ።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ዕቃችንን ሰበሰብን። ድንኳኑ ሲነሣ ቀዳዳዎቹ ብቻ ቀሩ። ጋሼ ከስሌዱ ላይ የጥድ ቅርንጫፍ አወጡና ቀዳዳዎቹ አጠገብ በረዶው ላይ ሰኩት። በሌሊት የሚሄድ ሰው እግሩ እንዳይገባ ነው። ያንንም ያ ሟች ባልደረባቸው እንዳስተማራቸው ነገሩኝ። ከእኛ በኋላ ማን በዚያ እንደሚያልፍ አናውቅም። ቅርንጫፉን ግን አጥብቀው ነው የተከሉት።

ቤት ስገባ ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፏል። ጣቴ ገና አልፈታም። ፐርቹን በመታጠቢያው ላይ ቅርፊቱን ፋቅኩት። ቅርፊቱ እጅ ላይ እንደ ሳንቲም ይጣበቃል። ጎኑን በቢላ ሰያፍ ሰያፍ ሰነጣጠቅኩት፤ ጣና ዳር እንደሚሸጠው ዓሣ። ጨውና ሎሚ አሸሁት፣ ዘይት ውስጥ ለቀቅኩት። ልጆቼ ከመኝታ ተነሥተው መጡ። ዳጣ አወጣሁ። አራታችን ሆነን በእጃችን በላነው፣ አጥንቱን እየለቀምን። ትንሿ ልጄ "አባዬ አንተ ነህ ያወጣኸው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "ማን አስተማረህ?"

ጋሼ ልላት ነበር። "ሁለት ሰዎች" አልኳት።

ልጆቹ ሲተኙ የዓሣውን ፎቶ ባሕር ዳር ላለችው እህቴ ላክሁላት። እዚያ ነግቷል። ወዲያው በድምፅ መለሰችልኝ፤ ምን ዓይነት ዓሣ ነው፣ ደግሞ በዚያ በረዶ ላይ ምን ልትሠራ ወጣህ አለች። ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ ስለዚያ ልጅ ጠየቅኳት። ስሙን ስጠራ ትንሽ ቆየች። ቤተሰቡን ታስታውሳለች። ከውሃው ዳር እንደተነሡ፣ ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደሄዱ እንደማታውቅ ነገረችኝ።

"ልጠይቅልህ?" አለች።

"ጠይቂልኝ" አልኳት። "ስልክ ካለውም ተቀበዪልኝ።"